ወንድሜ በአደራ የተወልኝ ውሻ ዕረፍት ነሳን

ለተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 34 ሲሆን ከእናቴ ጋር የምኖረው ኮተቤ አካባቢ ነው። በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬ ስለምሠራ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ማታ 12 ሰዓት እመለሳለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከስምንት ወር በፊት ወደ ካናዳ ሲሄድ ነብሮ የሚባለውን የማሊንዋ ዝርያ ውሻውን በአደራ ተወልኝ። ነብሮ ያኔ ሁለት ዓመቱ ነበር። ወንድሜ በየማለዳው አብሮት ይሮጥ፣ ማታ ማታ ኳስ ይወረውርለት፣ አንዳንዴም ክፍሉ በር ላይ ያስተኛው ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ግን እናቴ ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱን ስለማትወድ ነብሮ ቀኑን ሙሉ አጥር ጥግ በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ የሚፈታው ማታ ነው።

ችግሩ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የተሰጣ ልብስ እያወረደ መቦጫጨቅ ጀመረ። ቀጥሎ ጅራቱን ለመያዝ እንደ እንዝርት መሽከርከር አመጣ። አሁን ደግሞ የፊት እግሩን እየላሰ አቁስሎታል። ሌሊት ጅብ ሲጮህ ወይም የሰፈር ውሾች ሲነሱ እስኪነጋ ስለማያቋርጥ ጎረቤት ተማሯል። ወደ ውጭ ሳወጣው ባጃጅ ባየ ቁጥር ይወረወራል፤ በሰኔ ወር ጎትቶ ጥሎኝ ጉልበቴ ተላጠ። የአክስቴ ልጅ «ጉልበቱ ካላለቀ አያርፍም» ብሎ ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ ከብስክሌት ጋር ሲያስሮጠው ከረመ። እውነቱን ለመናገር ነብሮ ከበፊቱ ይልቅ ጠነከረ፣ ከበፊቱም ይልቅ ተቅበጠበጠ እንጂ አላረፈም።

ከሁሉም የከፋው በቡሄ ሰሞን የሆነው ነው። የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ማጮህ ሲጀምሩ ነብሮ ይንቀጠቀጥና ያለከልክ ጀመር። በዋዜማው ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ በራችን ላይ ዱላቸውን ሲደበድቡ ሰንሰለቱን በጥሶ፣ የቆርቆሮ አጥሩን ዘሎ ጠፋ። በማግስቱ ያገኘነው ወንዝ ዳር፣ ሆዱ ሥር በቆርቆሮ ተቀዶ ነው። ዘበኛችን ከተደበቀበት ሊጎትተው እጁን ሲሰድ ሊነክሰው ሞከረ፤ ጥርሱ የሸሚዙን እጅጌ ያዘ እንጂ ሥጋውን አላገኘውም። ከዚያ ወዲህ ዘበኛችን ዱላ ሳይዝ አይቀርበውም። ጎረቤቶች «ይህ ውሻ ሊያብድ ነው» ይላሉ። እናቴም «ውሻ በበላበት ይጮኻል እንጂ ያበላውን አይናከስም፤ ይሂድልኝ» ብላለች። ወንድሜ በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ነብሮ ነው፤ «ደህና ነው» እያልኩ እዋሸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማታ ጋቢ ደርቤ ደረጃው ላይ ስቀመጥ ነብሮ ይመጣና ጭንቅላቱን እግሬ ላይ ያሳርፋል። ያኔ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ይህን እያየሁ ለሰው መስጠት አቃተኝ፤ ማቆየቱም አቃተኝ። ምን ይመክሩኛል?

የነብሮ ባለአደራ፣ ከኮተቤ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ የቆምኩት የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሽከረከር የዋለ ውሻ በሰው እግር ላይ ጭንቅላቱን አሳርፎ መረጋጋት ከቻለ፣ መረጋጋት የሚባለውን ነገር አልረሳውም ማለት ነው። የጎደለው ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በቀን ውስጥ አንዴ ብቻ፣ እርስዎ ደረጃው ላይ ሲቀመጡ ብቻ የሚከፈትለት መሆኑ ነው። ስለዚህ እርስዎ ያቃተዎት መስሎዎት የጻፉት ነገር በእኔ ዓይን ግማሽ መንገድ የተሄደበት ነው።

በቅድሚያ የጎረቤቶችን ስጋት እናንሳው፤ በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው የሚገድል በመሆኑ ስጋታቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በዚህ በሽታ የተያዘ ውሻ ምልክቱ አንዴ ከታየበት አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ቀን ውስጥ ይሞታል። ነብሮ ለወራት ሲሽከረከርና እግሩን ሲልስ የከረመ ስለሆነ የምናየው ጭንቀት እንጂ እብደት አይደለም። ይህን ለጎረቤቶች በእርጋታ ሲያስረዷቸው የክትባት ወረቀቱን በእጅዎ ይዘው ቢሆን ይመረጣል። ለመሆኑ ክትባቱን መቼ ነው የወሰደው? ወንድምዎ ከመሄዱ በፊት ከሆነ የሚቀጥለው ተራ ተቃርቧል ወይም አልፏል፤ በየዓመቱ መታደስ ይኖርበታል። አንድ ቀን ጥርሱ የሰው ቆዳ ቢነካ ደግሞ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ዕለት ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ ውሻው የተከተበ ቢሆንም እንኳ ውሳኔው የሐኪም ይሁን።

አሁን ስለ ራሱ ስለ ነብሮ እንነጋገር። ማሊንዋ የሚለው ስም የተወሰደው ሜኸለን ከምትባል የቤልጅየም ከተማ የፈረንሳይኛ መጠሪያ ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ እነዚህን ውሾች ያረቧቸው የነበሩት በግ ጠባቂዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ መንጋውን የሚዞር፣ አንዲት በግ ከመንጋው ፈንጠር ስትል ሳይታዘዝ የሚያይና ሮጦ የሚመልስ ውሻ ነበር የሚፈልጉት። ዛሬ በብዙ አገሮች ፖሊስና ወታደር የሚመርጠው ይህንኑ ዝርያ ነው፤ ምክንያቱም ያው ነው፤ ሥራ አይሰለቸውም። ባጃጅ ሲያልፍ ነብሮ የሚወረወረው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ዓይኑ በብዙ ትውልድ የተመረጠው የሚሮጥ ነገርን ለማየት በመሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ከስምንት ወር በፊት የሚወደውን ሰው፣ የማለዳ ሩጫውን፣ ኳሱንና የመኝታ ቦታውን በአንድ ሳምንት ውስጥ አጣ፤ በምትኩ ያገኘው ሰንሰለት ነው። እርስዎ ይህን ሁሉ ያደረጉበት አይደሉም፤ ከሥራ ሰዓትዎና ከእናትዎ ፈቃድ አንጻር የሚችሉትን አድርገዋል። ሆኖም ነገሩ ከእሱ በኩል ሲታይ ምን እንደሚመስል አብረን ብናየው መፍትሔው ይቀለናል።

የአክስትዎ ልጅ በቅንነት ተነሥቶ የተሳሳተበት ቦታ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነው። ነብሮ ሁለት ችግሮች አሉበት፤ አንዱ መውጫ ያጣ ጉልበት ሲሆን ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መቅበጥበጥ፣ መጮህ፣ መወርወር የሁለቱም ናቸው። ሩጫ ግን ለፍርሃት መድኃኒት አይሆንም። ፈሪን ውሻ በየቀኑ በባጃጅና በመኪና መካከል በብስክሌት ፍጥነት ማስሮጥ ልቡንና ሳንባውን እንደ ሯጭ ያጠነክርለታል፣ አእምሮውን ግን ከድንጋጤ ወደ ድንጋጤ ያመላልሰዋል። ወደ ቤት ሲመለስ እግሩ ደክሞ ውስጡ ገና አልበረደም፤ በማግስቱ ደግሞ ያው ይደገማል። እርስዎ «ጠነከረ፣ ተቅበጠበጠ» ብለው የጻፉት በትክክል ይህን ነው። ስለዚህ የብስክሌቱ ሩጫ ቆሞ ከሆነ እንደቆመ ይቆይ፤ አሁንም ካለ ለጊዜው ይቁም።

ከሁሉም ነገር በፊት ግን የእንስሳት ሐኪም ይየው። እግሩን እስኪያቆስል የሚልስ ውሻ ጭንቀት ሊኖርበት ይችላል፤ የቆዳ እከክ፣ መዥገር፣ የምግብ አለመስማማት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመምም ሊኖርበት ይችላል። ሕመም ያለበት ውሻ ላይ የሚደረግ ሥልጠና ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። በቡሄ ዕለት የተቀደደው ሆዱስ በደንብ ድኗል? በአቅራቢያዎ ክሊኒክ ካላገኙ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ሲሽከረከር በስልክዎ ቀርጸው ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ክሊኒክ ሲደርስ በድንጋጤ ጸጥ ሊል ስለሚችል በቃል ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል። ሐኪሙ ለጭንቀቱ መድኃኒት ማዘዝ ያስፈልገዋል ካለ አይሸበሩ፤ ለጥቂት ወራት የሚሰጥ መድኃኒት ሥልጠናው እንዲገባው መንገድ የሚከፍትበት ጊዜ አለ። በራስዎ ግምት ከሰው መድኃኒት ቤት ማስታገሻ ገዝተው ግን አደራ አይስጡት።

ቀጥሎ ያለው ከባዱ ነገር ዱላው ነው፤ ከባድ ያልኩት ከውሻው ይልቅ የሚመለከተው ሰውን ስለሆነ ነው። ፓቭሎቭ የተባለው የሩሲያ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ጥናት ሲሆን፣ በዚያው ሥራው ላይ ሳለ ውሾቹ ምግቡን ሳያዩ፣ የሚያበላቸውን ሰው ኮቴ ሲሰሙ ብቻ ምራቃቸው መፍሰስ እንደሚጀምር አስተዋለ። ለምግብ የሚሠራው ለፍርሃትም ይሠራል። ለነብሮ የዘበኛችሁ ኮቴ ዱላ ማለት ሆኗል፤ የሰንሰለቱ ድምፅም እንዲሁ። ነገር ግን ዘበኛችሁንም ልንወቅሰው አይገባም፤ ውሻው እጁን ሊነክሰው ሞክሯል፣ እሱም ፈርቷል፣ ዱላውን የያዘውም ከፍርሃቱ የተነሣ ነው። ስለዚህ «ለምን ትመታዋለህ?» ብለው ከመነሣት ይልቅ፣ አንድ ቀን ቡና ሲፈላ ያስቀምጡትና «ለሁለት ሳምንት ዱላውን በሩ ጀርባ አስቀምጥልኝ፤ በአጠገቡ ባለፍክ ቁጥር ግን ከዚህ ዕቃ አንድ ቁራሽ ሥጋ ከሩቅ ወርውርለት፤ ዓይኑን አትየው፣ አትጥራው፣ አትንካው፣ ወርውረህ እለፍ» ይበሉት። እንዲወደው አይጠይቁት፤ መወርወር ብቻ ነው። ነብሮ ኮቴውን ሲሰማ ማጉረምረሙን ትቶ ጆሮውን ቀስሮ መጠበቅ የሚጀምርበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ከእርስዎ ይበልጥ የሚደሰተው ዘበኛችሁ ይመስለኛል።

ስለ ሰንሰለቱ ከራሴ ትዝታ ልነሣ። ልጅ ሳለሁ ቤታችን አንድ ውሻ ነበረን፤ ዕድሜውን በሙሉ ከአንድ ግንድ ጋር ታስሮ ኖረ። ውሻው ከሞተ ከዓመት በኋላ እንኳ ግንዱ ዙሪያ፣ ልክ በሰንሰለቱ ርዝመት፣ ሣር የማይበቅልበት ክብ መሬት ላይ ቀርቶ ነበር። ነብሮ ጅራቱን እያሳደደ የሚዞረውን ዙር ሲገልጹልኝ ያ ክብ መጣብኝ። የታሰረ ውሻ የሚያስፈራው ነገር ሲመጣ መሸሽ ስለማይችል ያለው አማራጭ መጮህ ወይም መናከስ ብቻ ነው። እናትዎ ውሻ ቤት ውስጥ እንዳይገባ መፈለጋቸው የጸሎት ቦታቸውን ከማክበርና ካደጉበት ሥርዓት የመጣ ስለሆነ በዚህ ላይ አይሟገቷቸው። ነገር ግን ከዋናው ቤት የተለየ የሰርቪስ ክፍል ወይም ዕቃ ቤት የላችሁም? እዚያ ጥግ ላይ አሮጌ ጋቢ ተነጥፎለት፣ በሩ ላይ ከባድ ብርድ ልብስ ተሰቅሎለት፣ ሲፈራ የሚገባበት ጨለምለም ያለ ቦታ ቢያገኝ እናትዎ ምንም አይጎድልባቸውም። ከተቻለ ከግቢው የተወሰነውን ክፍል ከሰው ቁመት ከፍ ባለ የሽቦ አጥር ከልሎ ቀን ቀን ሳይታሰር እንዲውል ማድረግ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ወጪውን በሚመለከት ዝቅ ብዬ የምለው አለኝ።

ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሥራው እንምጣ። ነብሮን ለማድከም እግሩን ሳይሆን አፍንጫውን ያሠሩት። በውሻ አፍንጫ ውስጥ ሽታ የሚለዩት ሕዋሳት ከእኛ በብዙ አሥር እጥፍ ስለሚበልጡ፣ ማሽተት ለእሱ ለእኛ ማንበብ እንደማለት ነው፤ ጭንቅላቱን ወደ መሬት ደፍቶ፣ በዝግታ እየተነፈሰና እያሰበ የሚያከናውነው በመሆኑ ከሩጫ በተቃራኒ ያበርደዋል። ከነገ ጀምሮ ምግቡን በሳህን መስጠቱን ይቀንሱ። ከሥራ በፊት 15 ደቂቃ ቀደም ብለው ይነሡና የጠዋት ምግቡን በሣሩ ላይ ይበትኑለት። ሦስት ቀን ያህል እያየ ይበትኑ፤ ከዚያ ሳያይ ይደብቁ፤ በአበባ ማሰሮው ጀርባ፣ በተገለበጠ ባልዲ ሥር፣ ባዶ ካርቶን ውስጥ በጋዜጣ ጠቅልለው። ካርቶኑን ቢቦጫጭቀው ደስ ይበልዎ፤ የተሰጣውን ልብስ የቦጨቀበት ፍላጎት ሕጋዊ ቦታ አገኘ ማለት ነው። ልክ ከመልቀቅዎ በፊት ሁልጊዜ በአንድ ቃል «ፈልግ» ይበሉት። ቃሉን ሲለምደው ምግቡን በአሮጌ ካልሲ ይተኩና ካልሲውን ሲያገኝ በጉርሻ ይክፈሉት። ከሁለት ወር በኋላ እርስዎ ስልክ እያወሩ እሱ ግቢውን በሙሉ እያሰሰ አንዲት ካልሲ ሲፈልግ ያገኙታል። ይህ ነው ለማሊንዋ ሥራ ማለት።

በዚሁ ስለ ምግቡ ሁለት ነገር ልበል። የወጥ ትራፊ የሚበላ ከሆነ ሽንኩርት የውሻን ደም ስለሚጎዳ ይቅርበት። ከሥጋ ቤት የሚመጣ ጥሬና ትልቅ፣ በአፉ ሙሉ የማይገባ ቅልጥም በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ሰው እያየው ቢያኝክ ማኘኩ ራሱ ያረጋጋዋል፤ የተቀቀለ አጥንት ግን ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥም። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ እናትዎ በማጀቱ ሥጋ ማየት ካልፈለጉ፣ ያለ ጨው የተቀቀለ ድንችና ካሮት በጥፍር ልክ ተቆራርጦ፣ ወይም ከሱቅ የሚገዛ ደረቅ የውሻ ምግብ ለጉርሻነት ይበቃል፤ ሥልጠናው በጾም ምክንያት አይቋረጥ።

ኳስና ጉተታ የሚወድ ውሻ ስለሆነ ያንን ጉልበት ማፈን አያስፈልግም፤ በር ማበጀት ነው የሚያስፈልገው። ወፍራም ገመድ ጫፍና ጫፉን ቋጥረው ያዘጋጁ። ነብሮ ሲቀመጥ ብቻ «ያዝ» ይበሉና ለግማሽ ደቂቃ ያህል ከልብዎ ይጎትቱት፤ ከዚያ ገመዱን አጥብቀው ይዘው እጅዎን ያለ እንቅስቃሴ ያቁሙ፤ የማይንቀሳቀስ ገመድ ስለማይጥመው ይለቃል፤ በሚለቅበት ቅጽበት «ልቀቅ» ይበሉና መልሶ ሲቀመጥ «ያዝ» ብለው ይክፈሉት። አምስት ዙር ይበቃዋል። ሲሞቅ ማቆም፣ ሲያቆም መክፈል፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። ኳሱን ግን ደጋግሞ መወርወር እንደ ብስክሌቱ ሩጫ ስለሚያነድደው፣ ኳሱን ለመደበቅና ለማስፈለግ ይጠቀሙበት።

ለመንገድ ጉዞ ደግሞ አንገቱን የሚያንቀውን ማሰሪያ ትተው ደረቱ ላይ የሚታሰር ማንገቻ፣ ከአምስት እስከ አሥር ሜትር የሚደርስ ረጅም ገመድ፣ እንዲሁም ቀስ ብሎ በጉርሻ የተለማመደው የአፍ መሸፈኛ ያዘጋጁ። ለጊዜው ዋናውን መንገድ ይተዉትና እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ባጃጅ የማይበዛበት ሜዳ ይዘውት ይሂዱ፤ ያሽት፣ ይቁም፣ ይመለስ፣ አይጎትቱት። ባጃጅ ከሩቅ፣ ሃምሳ ሜትር ያህል ርቆ ሲያልፍ ነብሮ ቀና ብሎ ባየ ቅጽበት፣ ከመወርወሩ በፊት ጉርሻ ያቅምሱት፤ ባጃጁ ሲሰወር ጉርሻውም ይቁም። ባጃጅ መጣ ማለት ሥጋ መጣ ማለት እንዲሆንለት ነው የምንፈልገው። በሳምንታት ውስጥ ባጃጅ አይቶ ወደ እርስዎ ዞሮ ሲመለከት፣ ያኔ ጥቂት ሜትር ይጠጋሉ። ጉርሻውን አልቀበልም ካለ ወይም ከእጅዎ ነጥቆ ከወሰደ በጣም ተጠግተዋል ማለት ስለሆነ ሳይቆጡ ዞር ብለው ይራቁ።

ዕረፍት ራሱ የሚሠለጠን ነገር መሆኑን ብዙ ሰው አያስበውም። ጤነኛ ጎልማሳ ውሻ ከቀኑ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ይተኛል፤ ነብሮ ግን ሌሊቱን ሲጠብቅ፣ ቀኑን ሲሽከረከር ስለሚያሳልፍ እንቅልፍ አጥቷል ብዬ እሠጋለሁ፤ እንቅልፍ ያጣ ደግሞ ሰውም ይነጫነጫል። ማታ ደረጃው ላይ የሚቀመጡበትን ጋቢ የመሰለ አንድ አሮጌ ጋቢ አጥፈው በእግርዎ አጠገብ ያንጥፉ። በላዩ ሲተኛ ምንም ሳይናገሩ በየጥቂት ደቂቃው አንድ ጉርሻ አፍንጫው ሥር ያስቀምጡ። ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ «ቦታህ» ብለው ያንኑ ጋቢ ሰርቪስ ክፍሉ ውስጥ ቢያነጥፉት መረጋጋቱ አብሮት ይሄዳል። ሌሊትም ግቢውን የመጠበቅ ሥራ ለጊዜው ይነሣለትና ክፍሉ ውስጥ ይደር፤ የጅብና የውሻ ጩኸት በግድግዳ ተከልሎ ሲሰማው ይቀንስለታል፣ ጎረቤትም ይተኛል።

ስለ ጅራፉ አልረሳሁም። የጅራፍና የርችት ድምፅ በስልክዎ ቀርጸው ወይም አስቀርጸው፣ ነብሮ ጆሮውን ብቻ በሚያነቃንቅበት ዝቅተኛ መጠን እየከፈቱ ወዲያው ይመግቡት፤ ድምፁን ከፍ የሚያደርጉት በሳምንት አንዴ፣ በጣም በጥቂቱ ነው። የሚመጣው ቡሄ እስኪደርስ አሥር ወር አለዎት፤ በገና ሰሞን ርችት ቢተኮስ ደግሞ በዋዜማው ከጀንበር መጥለቅ በፊት ወደ ክፍሉ ያስገቡት፣ ራዲዮ ይክፈቱለት፣ ከቻሉም አብረውት ይቀመጡ። ሲፈራ ማባበል ፍርሃቱን ያብስበታል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እውነት አይደለም። ማረፊያ የሆነውን እግር ከፈሪ ውሻ መንፈግ ግን ያብስበታል።

አሁን ስለ እርስዎ ልጠይቅዎ። ነብሮን የሚያቆዩት ስለሚወዱት ነው ወይስ ወንድምዎን ላለማስቀየም? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መልሱን ለራስዎ ቢያውቁት ይጠቅምዎታል። ለወንድምዎ በዚህ ሳምንት ይደውሉና እውነቱን ይንገሩት። ነብሮ እንደተጎዳ፣ ጉልበትዎ እንደተላጠ፣ እንደዋሹት ጭምር ይንገሩት። አደራ የሰጠ ሰው አደራው የሚጠይቀውን የማወቅ መብትም ግዴታም አለበት፤ የሽቦ አጥሩንና የሕክምናውን ወጪ እንዲሸፍን መጠየቅ ነውር አይደለም። የለበሰው ያልታጠበ ሹራብ ካናዳ ሻንጣው ውስጥ ካለ በሚመጣ ሰው ይላክልዎ፤ ለ«ፈልግ» ጨዋታ ከዚያ የተሻለ ዕቃ አያገኙም።

እስከ ጥምቀት ድረስ ጊዜ ይስጡት፤ እርስዎም ለራስዎ ይስጡ። እናትዎንም «እስከ ጥምቀት ይታገሱኝ» ብለው ቀኑን ቆርጠው ቢለምኗቸው ቀን የሌለው ልመና እንደሚያሰለች አያሰለቻቸውም። በዚያን ጊዜ መሽከርከሩ ካልቀነሰ፣ ወይም ሰው ለመንከስ ዳግም ከሞከረ፣ ወይም እርስዎ ራስዎ ከደከሙ፣ ይህን ዝርያ የሚያውቅ፣ ቀን ቤቱ የሚውልና ሊያሠራው የሚችል ሰው ፈልጎ መስጠት አደራ መብላት አይደለም፤ ወንድምዎም አብሮዎት ይወስን። ለጥበቃ ብሎ መልሶ በሰንሰለት ለሚያስር ሰው ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን አይስጡት። ወደ አዲሱ ሰው ሲሄድም ጋቢውና «ፈልግ» የሚለው ቃል አብረውት ይሂዱ።

ለዛሬ የምለምንዎ አንድ ደብተር እንዲይዙ ብቻ ነው። በየማታው ሦስት ነገር ይጻፉ፤ ስንት ጊዜ እንደተሽከረከረ፣ ከመሽከርከሩ በፊት ምን እንደሰማ ወይም እንዳየ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደተኛ። ቀን እርስዎ ሥራ ላይ ስለሚሆኑ የቀኑን ዘበኛችሁ ይንገሩዎት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ገጾች በስልክዎ አንሥተው ይላኩልኝና ቀጣዩን እርምጃ ከእነሱ ተነሥተን እንመክርበታለን።